የመርካቶ ወንበር
ከችሎት ወደ ምክር ቤት ስለሚወስደው መንገድ፣ በአዲስ ከተማ ለተሰበሰቡ አድማጮች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ ውጤት ሲገለጽ፣ ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች 499ኙን ኢሕአዴግ፣ 46ቱን ደግሞ አጋር ድርጅቶቹ ወሰዱ። ሁለት ወንበር ተረፈ። አንዱ ከፋ ውስጥ በግል ለተወዳደሩት ለዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ደረሰ። ሌላው የወጣው ከዚሁ ከእኛው ሰፈር፣ ከመርካቶ ነው። የተቃዋሚ ፓርቲዎችን ጥምረት መድረክን ወክለው የቀረቡት አቶ ግርማ ሰይፉ አሸነፉ። በመላ አገሪቱ ያሸነፉ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ዕጩም እሳቸው ሆኑ።

የተሰጠኝ ርእስ ሕግ ያጠና ሰው ሕግ አውጪ ሲሆን ምን ይዞ ይገባል የሚል ነው። አቶ ግርማ ሙያቸው ሕግ አይደለም። ታዲያ ለምን በእሳቸው ጀመርህ ብትሉኝ ምክንያት አለኝ። የመጡበት ፓርቲ፣ የመድረክ አባል የነበረው አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ፣ ሲመሠረት ሊቀ መንበሩ ዳኛም ጠበቃም የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። የሕግ ባለሙያዋ ፓርቲውን አቋቋሙ፤ የምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በአባልነት የተቀመጠው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ለእኔ የአገራችን የሕግ ባለሙያና የሕግ አውጪ ታሪክ እዚህ ላይ ተጠቅልሎ ይገኛል። ሙያው አንድ ቦታ፣ ወንበሩ ሌላ ቦታ ቀረ።

በሌላው ዓለም የሕግ ሙያንና የምክር ቤት ወንበርን የሚያገናኘው መንገድ የተለመደ ነው። አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1834 ለኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ሲመረጡ ገና ጠበቃ አልነበሩም። የጥብቅና ፈቃድ ያገኙት የምክር ቤት አባል ሳሉ፣ በ1836 ነው፤ ለዚያው ምክር ቤትም አራት ጊዜ ተመረጡ። ወደ ራሳችን ሰዎች ስንመጣ ደግሞ ጎንደር አካባቢ የተወለዱትን ፕኒና ታማኖ ሻታን እናገኛለን። በሕፃንነታቸው፣ ቤተ እስራኤላውያንን ወደ እስራኤል በወሰደው በዘመቻ ሙሴ ጊዜ በሱዳን በኩል እስራኤል ገቡ፤ ሕግ አጠኑ፤ በቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት ገቡ። በኢትዮጵያ ተወልዳ የዚያ ምክር ቤት አባል የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የደም ልገሳ ቡድን ክኔሴት ቅጥር ውስጥ ገብቶ ነበርና እሳቸውም ሊለግሱ ሄዱ። በትውልዳቸው ምክንያት አይቻልም ተባሉ። የሕዝብ እንደራሴ በገዛ ምክር ቤቷ ደጅ! ያ ገደብ ለዓመታት ስንት ቤተ እስራኤላዊ ያለፈበት ነው። ሕግ አውጪዋ ላይ ሲደርስ ግን እንደገና የአገር መነጋገሪያ ሆነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተነሣ። ፕኒና እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ሚኒስትር ሆኑ።

እኛ ዘንድ ሙግት የቆየ ነው። በላ ልበልሃ እያለ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እያወዛወዘ የሚሟገተውን ሰው አያቶቻችን እንደ ትልቅ ትርኢት ይከታተሉት ነበር። ተናጋሪ አላጣንም። የጎደለን ሕግ የሚጻፍበት ክፍል ውስጥ የሕግ ሰው መቀመጡ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ፤ አባላቱን ሕዝብ አልመረጣቸውም። ሕዝብ የመረጠው በ1950 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን የላከችው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ዓመተ ምሕረቶቹን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው የሚገርም ነገር ይወጣል። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952 ወጡ። ረቂቆቹን ያዘጋጁት የስዊሱ ዣን ግራቨን፣ ፈረንሳዮቹ ሬኔ ዳቪድ፣ ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በሩን የከፈተው ግን በ1956 ነው። ዋና ዋናዎቹ ሕጎች የአገር ልጅ የሕግ ባለሙያ በብዛት ከመውጣቱ በፊት ተጽፈው አለቁ። ያ የንግድ ሕግ ከዚህ ከመርካቶ ነጋዴ ጋር ከ60 ዓመት በላይ አብሮ ኖሮ፣ በከፊል የተተካው በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ነው።

አሁን ወደ 1993 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ።

ወይዘሪት ብርቱካን አዲስ አበባ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ይሠሩ ነበር። በዚያ ዓመት ሕወሓት ለሁለት ሲከፈል ከተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩ ለወይዘሪት ብርቱካን ደረሰ። ዳኛዋ መዝገቡን አይተው፣ ግራ ቀኙን ሰምተው፣ ተጠርጣሪው በዋስ ይውጡ ሲሉ አዘዙ። አቶ ስዬ ነፃነታቸውን ሳያጣጥሙ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በዚያው ሰሞን ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ በሙስና ወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው የዋስ መብት የለውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዛሬው ነገሬ ግማሹ ይኼ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በሕግ በተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ደግሞ ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክል ይችላል ይላል። ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤት ነው የሚለው። ጉዳዩን አይቶ የሚመዝነው ዳኛ ነው። አዲሱ አዋጅ ግን ሚዛኑን ከዳኛው እጅ ወስዶ ውሳኔውን አስቀድሞ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ አተመው። ይህን በጊዜው የተከራከሩበት የሕግ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በእኔ አስተያየትም ትክክል ነበሩ።

ሌላም አለ። አንድን ሰው ታስቦ የወጣ ሕግ በዚያ ሰው ላይ አያቆምም። ያ አዋጅ ከወጣ በኋላ አንድ የቀበሌ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ፣ አንድ የመጋዘን ኃላፊ ሒሳብ ጎደለ ተብሎ ቢያዝ፣ የተጠረጠረበት ነገር ሙስና ከተባለ እንደ ሚኒስትሩ ሁሉ ዋስ የለውም። የጎደለው 3,000 ብር ይሁን 3 ሚሊዮን፣ አዋጁ ልዩነት አላበጀለትም። ይህ በአፈጻጸም የተፈጠረ ችግር አይደለም፤ አንድ ልምድ ያለው ጠበቃ ረቂቁን በ10 ደቂቃ አንብቦ ቀይ እስክሪብቶ የሚያሳርፍበት ጉድለት ነው። ምክር ቤቱ ራሱ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 434/1997፣ ክልከላውን ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ወሰነው። በመካከሉ ስንት ሰው ቤተሰቡን ሳያይ እንደከረመ እናንተው ገምቱ። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ታስረው ወጡ። ከወጡ በኋላ የገቡበት ፓርቲ ደግሞ በዋስ ይውጡ ብለው ያዘዙላቸው ዳኛ የመሠረቱት አንድነት ነው። ልብ ወለድ ደራሲ ቢጽፈው አጋነነ እንለው ነበር።

ወይዘሪት ብርቱካን ከዳኝነቱ ለቀው ጥብቅና ያዙ። ከዚያ ቀስተ ደመና የተባለው ፓርቲ ውስጥ ገቡ፤ ቀስተ ደመና የተቃዋሚዎቹን ጥምረት ቅንጅትን ሲቀላቀል የቅንጅት ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን እዚህ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። ቅንጅት 23ቱንም የከተማዋን የፓርላማ ወንበሮች፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ወሰደ። የተከተለው ግን ደም፣ እስርና ክስ ነው። ወይዘሪት ብርቱካን ጥቅምት 1998 ላይ ታሰሩ፣ ሐምሌ 1999 ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፣ በቀናት ውስጥ በይቅርታ ተፈቱ። በ2000 አንድነትን መሠረቱ። ስለ ይቅርታው አሰጣጥ ስዊድን ላይ በተናገሩት ቃል ምክንያት ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 ዓ.ም. እንደገና ተይዘው ቃሊቲ ገቡ፤ የዕድሜ ልኩ ፍርድም ተመልሶ ጸናባቸው።

ስለዚህ የ2002 ምርጫ ሲመጣ የፓርቲው መሪ እስር ቤት ናቸው። መርካቶ ካርዱን የሰጠው በዚህ መሐል ነው።

ቀኖቹን ተመልከቱ። ምክር ቤቱ የሥራ ዘመኑን የሚከፍተው ሕገ መንግሥቱ እንደሚያዘው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። በ2003 ይህ ሰኞ መስከረም 24 ቀን ዋለ። ወይዘሪት ብርቱካን ከቃሊቲ የተፈቱት ረቡዕ መስከረም 26 ነው። የፓርቲያቸው ብቸኛ እንደራሴ የገቡበት የአዲሱ ምክር ቤት ዘመን ሲከፈት፣ የሕግ ባለሙያዋ ሊቀ መንበር የእስር ቤቱ በር እስኪከፈት ሁለት ቀን ቀርቷቸው ነበር። በሳምንቱ መካከል ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አሜሪካ ሄዱ፤ ሃርቫርድ ተማሩ።

አንድ ሰው ብቻውን 546 ሰው ፊት ምን ሊሠራ ይችላል? ይህን ጥያቄ ያኔ መርካቶ ውስጥ በቀልድም በቁም ነገርም ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። መልሱ ከምክር ቤቱ አሠራር ይጀምራል። ረቂቅ አዋጅ በአብዛኛው የሚመነጨው ከአስፈጻሚው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ያረቅቃል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመክርበታል፣ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይላካል። ምክር ቤቱ በመጀመሪያ ንባብ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል። ኮሚቴው ባለሙያ ይጠራል፣ ይፋዊ የሕዝብ ውይይት ያደርጋል፣ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ እጅ ይወጣል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ ባይፈርሙም ሕግ ይሆናል። አንድ አባል በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የራሱን አጀንዳ ማስያዝ ቢፈልግስ? ቀድሞ 20 አባላት ከደገፉት ይቻል ነበር። በ1997 የሥራ ዘመኑን የሚጨርሰው ምክር ቤት ተቃዋሚዎች በብዛት ሊገቡ መሆኑን አይቶ ደንቡን ለወጠውና አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ ድጋፍ የሚጠይቅ ሆነ። ቅንጅት ፓርላማ ልግባ አልግባ እያለ በተከራከረበት ጊዜ ካነሣቸው ቅሬታዎች አንዱ ይኼው ነበር።

እንግዲህ ለአቶ ግርማ የቀራቸው መጠየቅና እጅ ማውጣት ነው። ጠየቁም፣ እጃቸውንም አወጡ። በእነዚያ አምስት ዓመታት ዜና የሰማ ሁሉ "በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" የሚለውን ሐረግ ያስታውሳል። ያ አንድ ተቃውሞ የመርካቶ ድምፅ ነው። አንዳንዱ ምን ዋጋ አለው ይል ነበር። እኔ አልስማማም። የተቃውሞው ምክንያት በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ ሚኒስትሩ ወይም ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልስ ለመስጠት ይገደዳሉ፤ መልሱ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ጠበቆች አንድ ልማድ አላቸው፤ ክርክሩን እንደሚረቱ ባያምኑም ተቃውሟቸውን መዝገብ ላይ ያስይዛሉ፣ ይግባኝ ሰሚው ያገኘዋልና። የምክር ቤት ይግባኝ ሰሚ መራጩ ነው።

የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጁን እንውሰድ፤ ቁጥር 721/2004። ይህ ሰፈር ከማንም በላይ የሚያውቀው ሕግ ነው። ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል አለ፤ ነባር ይዞታዎች ሁሉ ወደፊት ወደ ሊዝ የሚቀየሩበትን በርም ከፈተ። ከተማው ተናወጠ። የወረዳ አዳራሾች በሰው ሞሉ፤ ባለሥልጣናት በየስብሰባው ማብራሪያ ሰጡ። ግን ይህ ሁሉ ማብራሪያ በዋናነት የመጣው አዋጁ ከጸደቀ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ በወረዳ ስብሰባ ያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ሱቁን ለልጄ በስጦታ ብሰጥስ፣ ከወንድሜ ጋር በጋራ የያዝነውን ብንካፈልስ፣ ሁሉም በቋሚ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ሊነሡ የሚገባቸው የሕግ ጥያቄዎች ነበሩ። ስጦታ፣ ክፍፍል፣ የጋራ ባለቤትነት። የፍትሐ ብሔር ጠበቃ እንጀራው ይኼ ነው።

የሕግ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለኝ። መርካቶ ውስጥ ከሸራ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ዕቃ በዱቤ ይወሰዳል። ወሳጁ የሩቅ ቀን የተጻፈበት፣ አንዳንዴም ቀኑ ክፍት የሆነ ቼክ ለዋስትና ይሰጣል። ሻጩ ቼኩን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ዕቃው ተሽጦ ብሩ ሲመጣ ቼኩ ይመለሳል ወይም ይቀደዳል። ሁለቱም ሒሳቡ ውስጥ ዛሬ ገንዘብ እንደሌለ ያውቃሉ፤ ንግዱ የቆመው በዚያ መተማመን ላይ ነው። ሕጉ ግን ቼክን የሚያየው ሲቀርብ ወዲያው እንደሚከፈል ሰነድ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ደግሞ በቂ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሰጠን ሰው እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል። ሻጩ አንድ ቀን ተናዶ ቼኩን ባንክ ቢወስደው የዱቤ ጉዳይ በአንድ ጧት የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። ስንት ነጋዴ ዕዳውን ለመክፈል በሚሯሯጥበት ሰዓት ጣቢያ ቃል ሲሰጥ ይውላል!

ሕጉ ይሻር እያልኩ አይደለም። አጭበርባሪም አለ፣ ቼክም መከበር አለበት። የምለው ይኼን ነው፤ ለዋስትና የተሰጠና ለክፍያ የተሰጠ ቼክ ይለዩ አይለዩ የሚለውን ጥያቄ ልደታ ችሎት ለዓመታት የቆመ ጠበቃ ሳይጠየቅ ያነሣዋል። ጸሐፊው፣ ባንኩ፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ሁሉም በሕጉ በየበኩላቸው ሲያልፉ አይቷል። ባለሥልጣን ረቂቅ ሲያነብ ዓላማውን ያነብባል። ጠበቃ ግን ደንበኛው በየትኛው ቃል እንደሚያዝ ይፈልጋል። ምክር ቤት ሁለቱም ዓይነት አንባቢ ያስፈልገዋል፤ የእኛ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት በዝቶበት ነው የኖረው።

የአቶ ግርማ የምክር ቤት ዘመን ሊያልቅ ሲል ጥር 2007 ላይ ምርጫ ቦርድ በአንድነት ውስጥ የነበረውን ክፍፍል ተከትሎ የፓርቲውን ሕጋዊ ስም ለአንደኛው ቡድን ሰጠ። በዚያ ዓመት ግንቦት በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ። አንዷም ተቃውሞ ቀረች።

ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ኅዳር 13 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ያው አንድ ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት ከስደት የተመለሱትን ወይዘሪት ብርቱካንን የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾመ። በአባልነት ያልተቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ታሪክ ካሳ አየው። እኔ ትንሽ ለየት አድርጌ አየዋለሁ፤ ሹመቱ ወደ ቀድሞው ሙያቸው የመለሳቸው ነው። የቦርድ ሰብሳቢ ሥራ ከፖለቲከኛነት ይልቅ ለዳኝነት ይቀርባል። መዝገብ ይታያል፣ ግራ ቀኝ ይሰማል፣ የሚከፋው ወገን ሁልጊዜ አለ። የ2013ቱን ምርጫ መርተው ሰኔ 2015 ላይ በጤና ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ። እንግዲህ የሕግ ሕይወታቸው ሲጠቃለል ዳኛ፣ ጠበቃ፣ የፓርቲ መሪ፣ እስረኛ፣ የምርጫ ዳኛ ሆነዋል። ያልሆኑት የምክር ቤት አባል ነው።

አቶ ግርማ በበኩላቸው ኢዜማ የተባለውን ፓርቲ ተቀላቅለው፣ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ በአዲስ አበባ ካቢኔ የኢንቨስትመንት ኮሚሽን ኮሚሽነር ሆኑ። ብቻውን አስፈጻሚውን ሲጠይቅ የኖረ ሰው ወደ አስፈጻሚው ጎራ መሻገሩ ያስከፋው ሰው አለ፤ ውስጥ ገብቶ መሥራትም ተቃውሞ ነው የሚልም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ከሰውየው ይልቅ ወንበሩ ነው። አስፈጻሚውን ከአዳራሹ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው ያን ያህል ብርቅ በሆነበት አገር፣ ጥሩ ጠያቂ ሁሉ መጨረሻው ተጠያቂ ወንበር ላይ ከሆነ፣ ጠያቂው ከየት ሊመጣ ነው?

ከጥብቅናው ወገን ተስፋ የምጥልበት አንድ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ድርጅት አቋቁመው በማኅበር እንዲሠሩ ተፈቀደ፤ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም በሕግ ተቋቋመ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጠበቃ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ነበር። ለአምስት ዓመት ምክር ቤት ልግባ ቢል ደንበኞቹን የሚረከብለት ባልደረባ አልነበረውም፤ ሲመለስ ቢሮው ባዶ ነው። አሁን የሚረከበው ድርጅት ሊኖር ይችላል። ይህ ተራ የኑሮ ስሌት ነው፤ ግን ሰው ወደ ምክር ቤት እንዳይሄድ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ፖለቲካውን አስቀርተን ብናይ ትልቁ ይመስለኛል።

ጊዜዬ አልቋል፤ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ሲያዩ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። ማይክራፎኑ ከኋላ መስመር ይጀምር። ስለ ሊዙም፣ ስለ ዋስትናውም፣ ስለ ቼኩም ጠይቁ። የገቢ ግብር ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017ን የያዘ ጥያቄ ግን እንደምታነሡ ከፊታችሁ እያነበብኩ ነውና ከወዲሁ ልለምናችሁ፤ እሱ ለብቻው አንድ ምሽት ይፈልጋል፣ አዘጋጆቹ ከፈቀዱ ጽሑፉን ይዤ እመለሳለሁ።